አይመታም የተባለው ጠመንጃ

ሆባርት ክራዶክ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ ሲያኖረው ቀስ ብሎ ነበር። የጠመንጃ ሠሪውን ልጅ ቨርናን ያስደነገጣትም ይኸው ቀስታው ነው። የተቆጣ ሰው ይወረውራል፤ የናቀ ሰው ግን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል።

«አይመታም» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሬድ ዊሎው ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ማለዳ ወንድ ሁሉ ወይ ፀጉር ቤት ነው፣ ወይ አንደርስ ቶለፍሰን ጠመንጃ ቤት። በርሜል ላይ ተቀምጠው ሲያወጉ የነበሩት ሦስት ሰዎች ወሬያቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ምን አልከኝ ሆባርት?» አለ አንደርስ።

«ሰምተኸኛል። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኮሰበት። ሃምሳ ጥይት ጨርሶ ሁለት የሜዳ ሽኮኮ አልገደለም። ሽኮኮዎቹ የግጦሽ ሜዳዬን ወንፊት አድርገውታል፤ በዚህ ወር ብቻ ሁለት ፈረሶች ጉድጓድ ውስጥ ገብተው እግራቸው ተሰብሮ በገዛ እጄ ገድያቸዋለሁ። የሚመታ ጠመንጃ ነው ያዘዝኩህ እንጂ የግድግዳ ጌጥ አይደለም።»

«ጥይቷ ትንሽ ናት። ነፋስ ሲኖር...»

«ነፋስ በሌለበት ቀን ነው የምልህ!» ሆባርት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅታው ከጩኸቱ ባሰ። «እጅህ እንደሚንቀጠቀጥ አገር ያውቃል፣ አንደርስ። ዕድሜ ነው፤ አልፈርድብህም። ግን ይሄን ሥራ በጊዜ መተው ነበረብህ።»

አንደርስ ሁለቱን እጆቹን ከባንኮኒው ላይ አንስቶ ከሽርጡ ሥር ደበቃቸው።

ቨርና ከኋላ፣ ቶርኖው አጠገብ ቆማ ይህን አየች። «የሠራሁት እኔ ነኝ!» ብላ መጮህ ፈለገች። እውነቱም እሱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት የወጣውን እያንዳንዱን ጠመንጃ የቆረጠችው፣ የሞረደችው፣ የገጠመችው እሷ ናት። ግን የሴት ልጅ እጅ የነካውን መሣሪያ ማን ይገዛል? ስለዚህ አባትና ልጅ ተማምለው ዝም ብለው ኖሩ። ከቤተሰቡ ውጭ ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ላይል፣ የሆባርት ልጅ።

እና አይመታም ያለው ላይል ነው።

ሆባርት ሲወጣ ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንደርስ፣ ያቺ ያዘዝኳት ነገር... ለጊዜው ትቆይልኝ።» ሁለተኛውም ኮፍያውን ፈለገ። ሦስተኛው በሩን በጣም በቀስታ ዘግቶ ሄደ።

«ልጄ» አለ አንደርስ፣ እጆቹ አሁንም ከሽርጡ ሥር እንደሆኑ፤ «የቀለሁን አንገት ልክ ደግመሽ ለክተሽው ነበር?»

ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። ጥያቄው ሳይሆን፣ ሲጠይቃት ዓይኗን መፍራቱ አንጀቷን ቆረጠው።

የዚያ ጠመንጃ ጥይት እንደ ማንኛውም ጥይት አልነበረም። በየትኛውም ፋብሪካ አይሠራም፤ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። እንዲህ ያለውን የጠመንጃ ሰዎች «የዱር ድመት» ይሉታል፤ አባቱ የማይታወቅ፣ በሰው ጓሮ የተወለደ። ላይል ከሁለት ክረምት በፊት ወደዚህ ሱቅ ገብቶ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሥሎ ያሳየው ለአንደርስ ነበር፤ የተረዳችው ግን ቨርና ናት። ገበያ ላይ ያለ ቀለህ ይወሰዳል። አንገቱ በሻማ ነበልባል ላይ፣ ጣት መያዝ እስኪያቅተው ድረስ እየዞረ ይለሰልሳል። ከዚያ በሦስት ፎርማ ተራ በተራ ይጠባል፤ ቅባቱ ከበዛ ይጨራመታል፣ ካነሰ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረር ይጎርሳል። ያቺ ትንሽ አረር ከአፈሙዙ ስትወጣ ድምፅን ሦስት እጥፍ ተኩል ትቀድማለች። ሽኮኮው ጩኸቱን ሳይሰማ ይሞታል፤ ፈረሱም ጉድጓድ በሌለው ሜዳ ይሮጣል።

ላይል ቦዝማን ከተማ ወዳለው ኮሌጁ ሲመለስ ሥራው በደብዳቤ ቀጠለ። ስለ ባሩድ ልክ፣ ስለ ቀለህ ትከሻ፣ ስለ አንገት ውፍረት። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፤ «ትከሻውን ሠላሳ ዲግሪ አድርጊው። እዚህ በረዶ ነው። ትናንት ስለ ቀለሁ አንገት ሳስብ የአንቺን አንገት አሰብኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሷም መለሰች፤ «ሠላሳ ዲግሪ ይሆናል። ለሁለተኛው ይቅርታ አያስፈልግም።»

ያን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ከትታ እደጃፉ ላይ ረጅም ሰዓት ተቀምጣለች።

ከዚያ በየካቲት ደብዳቤዎቹ አጠሩ። ጽሕፈቱ እንደ ሕፃን ትልልቅ፣ የተጣመመ፣ ከመስመር የሚወጣ ሆነ። በችኮላ የተጻፈ፣ ለሰው ሳይሆን ለግዴታ የተጻፈ መሰላት። በመጋቢት ጭራሽ ቀሩ። በፋሲካ ማግስት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በተዘረጋው ማዕድ ላይ አየችው፤ ከዓይን ሐኪሙ ልጅ ከማርጆሪ ጎን ተቀምጦ፣ ማርጆሪ ሥጋውን ሰሃኑ ላይ እየቆረጠችለት። ቨርና ሄዳ «እንዴት ነህ ላይል?» አለችው። ቀና አለ፤ ግን ዓይኗን አላያትም። ከጆሮዋ አልፎ፣ ከኋላዋ ትልቅ ሰው እንደቆመ ያህል አየ። ዞር ብላ ተመለከተች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

ያን ቀን ጠመንጃውን ልትጨርሰው አንድ ሳምንት ቀርቷት ነበር። ጨረሰችው። እያለቀሰች የሞረደችው ብረት የለም ብላ ብትምል ግን በሐሰት ትምላለች።

አሁን ያንኑ ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቀለለችና የአባቷን አሮጌ መኪና አስነሥታ ወደ ክራዶክ ርስት ነዳች። ከበሩ እስከ ቤቱ ሦስት ማይል ነው። ሦስቱንም ማይል የምትለውን እየደጋገመች ሄደች።

በሩን የከፈተችው እናቱ ሉሲል ናት።

«የአንደርስ ልጅ አይደለሽም? ስለ ጠመንጃው ከሆነ ሆባርት ገና ከከተማ አልተመለሰም።»

«ላይልን ነው የፈለግኩት፣ ሚስስ ክራዶክ።»

«ላይል እያረፈ ነው።» ሉሲል ፈገግታዋን አልተወችም፤ በሩንም አላሰፋችም። «ሰው ሥራውን ሲያበላሽ ደንበኛውን ቤቱ ድረስ ተከትሎ አይጨቃጨቅም፣ ልጄ። እንዲህ ያለው ደግ አይደለም።»

«እማዬ፣ ተያት።»

ላይል ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል፤ አንድ እጁ ግድግዳው ላይ ነው። ከስቷል። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ዓይኖቹ ግን እንደገና ከትከሻዋ በላይ ሄዱ። በቨርና ደረት ውስጥ የሆነ ነገር ተቀጣጠለ።

«ቢያንስ እያየኸኝ ንገረኝ!» አለች። «ሌላ ሴት ወደድክ፤ ይሁን። ደብዳቤ መጻፍ ሰለቸህ፤ ይሁን። ሰው ይለወጣል። ግን ያ ጠመንጃ የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለህ! አባቴ ዛሬ በሰው ፊት እጁን ደበቀ፣ ላይል። በሕይወቱ ሙሉ በእጁ የኖረ ሰው እጁን ደበቀ!»

«ቨርና...»

«ና፤ እኔ ፊት ተኩስ። ካልመታ በገዛ መዶሻዬ እሰብረዋለሁ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

እጁን ከግድግዳው ላይ አነሣ። ከዚያ «እሺ» አለ፤ አንድ ሰው የሐኪም ቤት ወረቀት ሲፈርም እንደሚለው ዓይነት «እሺ»። እስከ መኪናው ድረስ አጥሩን በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ዝንጉነት መሰላት፤ ናቀችው። ንቀቱ ውስጥ ግን ፍቅሩ እንዳለ ነበር፤ በዚህም ራሷን የበለጠ ናቀች።

በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ በሽኮኮ ጉድጓድ ተዥጎርጉሯል። ነፋሱ ገና አልተነሣም። ቨርና ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ የካርቶን ዒላማ ተከለች፤ ታጣፊውን ጠረጴዛ ዘረጋች፤ የአሸዋ ከረጢቱን አመቻቸች። ሽኮኮዎቹ መጀመሪያ ተደበቁ፤ ቆይተው አንድ በአንድ ወጥተው፣ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው እንደ ለቀስተኛ ቆሙ።

«ከደረቀው ግንድ በስተቀኝ፣ አፈር ቁልሉ ላይ የቆመችውን» አለች የሩቅ መነጽሯን ዓይኗ ላይ እንዳደረገች።

ላይል አቀባበለ። ቃታውን ሳበ። ጥይቷ ጧ አለች፤ እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት። አቧራው ከሽኮኮዋ አምስት እርምጃ በስተግራ ተነሣ።

«ግራ ሄደ። ድገም።»

ደገመ። አሁን ከኋላዋ።

«ሆን ብለህ ነው» አለች። «ሕፃን እንኳ እንዲህ አይስትም። እየቀለድክብኝ ነው?»

እሱ ሦስተኛዋን አጎረሰ። ሽኮኮዋ ጉድጓዷ ውስጥ ከገባች ቆይታለች፤ ቁልሉ ባዶ ነው። ላይል ግን ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በታላቅ ጥንቃቄ አለመ። ቨርና መነጽሯን አወረደች። ዒላማውን ትታ እሱን ተመለከተች። ጭንቅላቱ ከጠመንጃው መነጽር ጀርባ ቦታውን አጥቷል፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የጠፋበትን ነገር በበር ስንጥቅ እንደሚፈልግ ሰው። ቃታውን ሳበ።

በሌለች ሽኮኮ ላይ ተኮሰ።

«ላይል» አለች በቀስታ። «ምን ላይ ነው የተኮስከው?»

«እዚያች ላይ።»

«የትኛዋ ላይ?»

ከጠመንጃው ቀና አላለም። «ግንዱ ጋ ነች ብለሽኝ የለ እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ግን እመሐል ላይ ተሰበረ።

ጉልበቷን አጥፋ ከጎኑ ተቀመጠች። ያኔ ነገራት። መጀመሪያ የመጽሐፍ ፊደል ነው የጠፋው፤ መሐሉ። የሚያየው ቃል ይጠፋና ከጎኑ ያለው ይቀራል። ቀጥሎ የሰው ፊት። የማርጆሪ አባት አይቶት ወደ ትልቅ ከተማ ላከው፤ ትልቁ ከተማም ያንኑ ነገረው። የዓይኑ መሐል እየሞተ ነው። መድኃኒት የለውም፤ መነጽር አያግዘውም። ዳር ዳሩ ይቀራል፤ ምናልባት ለረጅም ጊዜ።

«ቀጥ ብዬ ያየሁት ነገር ሁሉ ይጠፋብኛል» አለ። «ማርጆሪ ሥጋዬን የቆረጠችልኝ ሰው ፊት እጄን እንዳልቆርጥ ነው። ደብዳቤ አልጻፍኩልሽም፤ የጻፍኩት መስመር ይጠፋኛል፣ ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ደግሞ አልፈለግኩም። አንገትሽ የሚል ቃል ለሌላ ሰው ነግሬ እንዴት ላስጽፍ?»

«እና ጠመንጃውን...»

«አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። 'ምን ሆንክ?' ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። 'ጠመንጃው ነው' አልኩ። ሳይታወቅብኝ አንድ በጋ ልግዛ ብዬ ነው፣ ቨርና። አንድ በጋ ብቻ። ሱቃችሁ ድረስ ተሸክሞት የሚሄድ አልመሰለኝም።»

ማዘን አልቻለችም፤ መቆጣትም አልቻለችም። ሁለቱም አንድ ላይ መጥተውባት ነበር። በእነዚህ ሁሉ ወራት ንቀት ያለችው ዕውርነት ነበር፤ እሷም በኩርፊያዋ ጨልማ ነበር።

ላይል ፊቱን ከእሷ አዞረ። ወደ ኮረብታዎቹ፣ ሩቅ ተመለከተ።

«አሁን ደግሞ ምን ታያለህ?» አለችው እንባዋን እየዋጠች።

«አንቺን» አለ ወደ ኮረብታው እንዳየ። «እንዲህ ስዞር ነው የምትመጪልኝ። ፀጉርሽ ላይ የብረት ብናኝ አለ። ታለቅሻለሽ።»

እንባዋን አልጠረገችም። ወደ ሌላ ቦታ በሚያይ ሰው ዓይን ሥር፣ ሙሉ በሙሉ እየታየች፣ ዝም ብላ ተቀመጠች።

ቆይቶ ጠመንጃውን ገፋላት። «ተኩሺው። ልስማው።»

አምስት ጥይት ካርቶኑ ላይ ተኮሰች። ሮጣ ካርቶኑን አመጣችለት። ላይል በጣቱ ጫፍ ፈለገው። አምስቱም በአንድ ቀዳዳ ለማለፍ ተቃርበዋል፤ ትንሿ ጣቱ ብቻዋን ሸፈነቻቸው። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ይመታል» አለ። «አምላኬ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው!» ከዚያ ተነሣ። «አባቴ እስካሁን ተመልሷል። ውሰጂኝ።»

ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባት፤ እጁን ያዘችው። «አይሆንም። ብትነግረው ርስቱን ለእህትህ ባል ነው የሚሰጠው፤ አንተም ታውቃለህ። አባቴ ከዚህ የባሰ ችሏል። እኛ እንችለዋለን።»

«አባትሽ እጁን ደበቀ አልሽኝ።»

«ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ቨርና፣ ዛሬ ባልነግረው ዓመት ሳይሞላ በር ስስት ያየኛል። ያኔ ግን የአባትሽን ስም ይዤ ነው የምወድቀው።»

የምትከራከርበት ቃል ጠፋት። መኪናውን ነዳች። የምትወደውን ሰው ወደ መጥፊያው በገዛ እጇ እያደረሰች፣ ምነው ከዚህ በላይ እንድትወደው የሚያደርግ ነገር ባያደርግ ብላ ተመኘች።

ሆባርት ምሳ ላይ ነበር። ላይል ተቀመጥ ቢባልም አልተቀመጠም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከድንቹ ሰሃን አጠገብ አኖረው።

«ጠመንጃው ይመታል፣ አባዬ። የማልመታው እኔ ነኝ።»

«ይሄን ማን ተኮሰው?»

«ቨርና። የሠራችውም እሷ ናት። በትክክል ነው የተሠራው። እኔ ዓይኔ... እየጠፋብኝ ነው።»

ሉሲል ሹካዋን አስቀመጠች። ሆባርት ሳቀ፤ አጭር፣ የማያምን ሳቅ። «ይቺ ልጅ ናት እንዲህ በል ያለችህ? አባቷን ለማዳን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ግድግዳ ታያለህ? ሳናግርህ እየኝ እንጂ!»

ላይል ታዘዘ። ፊቱን ወደ አባቱ አቀና። ትልልቅ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው አባቱ ፊት ላይ ዐረፉ።

«አሁን እያየሁህ ነው» አለ። «አሁን አንተ የለህም። ጠረጴዛው አለ፣ መስኮቱ አለ፣ እማዬ አለች። አንተ በተቀመጥክበት ቦታ ምንም የለም፣ አባዬ።»

ሆባርት እጁን ቀስ ብሎ አነሣ፤ በልጁ ዓይኖች ፊት፣ በአየር ላይ፣ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰው። ዓይኖቹ አልተከተሉትም። የዚያ ትልቅ ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ቨርና አየች፤ ማየቷንም ጠላችው።

ወጥታ መኪናዋ አጠገብ ቆመች። ነፋሱ አሁን ተነሥቷል፤ ሣሩን አንድ ወገን አስተኝቶታል። ከቤቱ ውስጥ የሉሲል ልቅሶ ይሰማል። ላይል አብሮ አልወጣም። ወደ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ወር እንደሚሄድ፣ እንዳትጠብቀው፣ በመንገድ ላይ ነግሯታል። እሷም እሺም እምቢም አላለችም።

በሩ ተከፈተ። የመጣው ሆባርት ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ፊቷ ቆሞ ኮፍያውን በጣቶቹ መሐል አዞረው።

«ለአባትሽ ሰኞ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ» አለ። «በሰው ፊት እንደተናገርኩ፣ በሰው ፊት።»

«አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ክራዶክ።»

አልሄደም። ብርድ ልብሱ ውስጥ የተጠቀለለውን ጠመንጃ ተመለከተ፤ ከዚያ እሷን። በሬድ ዊሎው ጎዳና ላይ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንደ አጥር እንጨት አልፏት የሄደው ሰው፣ አሁን ልጁ ባጣው ዓይን ልክ ትኩር ብሎ አያት።

«አንቺ ነሽ የምትሠሪው አለኝ» አለ። «ላዩ ላይ ያለውንም መነጽር አንቺ ነሽ የገጠምሽው?»

«አዎ።»

«እሱ... ጠንከር ያለ አይሠራም? ዘጠኝ እጥፍ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ? ወፍራም ብርጭቆ ቢደረግበት?»

«አይሠራም፣ ሚስተር ክራዶክ።»

«ከውጭ አገር ቢመጣስ? ጀርመኖቹ...»

«ብርጭቆው አይደለም» አለች። «ምንም ያህል ቢያጎላ፣ የሚጠፋው መሐሉ ነው።»

«እንዲያው ሞክሪ፣ የኔ ልጅ። ለእኔ ብለሽ አይሁን። እንዲያው ሞክሪ።»

ይህ ሰው አንድ ነገር ለምኗት እምቢ የምትልበትን ቀን ስንቴ ተመኝታለች። ቀኑ መጣ። ያላትን ሁሉ፣ እጇን፣ ሱቁን፣ የአባቷን ስም፣ አንዲት «እሺ» ለማለት ብትችል ትሰጥ ነበር። ክንዱን ያዘችው። ሁለቱ ነፋሱ ውስጥ ቆሙ፤ አንዱም ለአንዱ ምንም ማድረግ ሳይችል።